ስብሰባ ላይ ናቸው

በባለጉዳይ መዝገቤ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ አለ። መዝገቡ ራሱ ተራ ነገር ነው፤ እኔው በማስመሪያ ያሰመርኩት ወፍራም ደብተር ሲሆን ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ የመጡበት ጉዳይ፣ ስልክ፣ ምርመራ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ጥር 2015 ላይ የአንድ አባት ስም ከነአባታቸው በእጅ ጽሕፈቴ ሰፍሯል። «የመጡበት ጉዳይ» ከሚለው ሥር ግን ነጭ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። በአሥራ አንድ ዓመት የጸሐፊነት ሥራዬ ያንን ዓምድ ሳልሞላ ያለፍኩት በዚያ ቀን ብቻ ነው። «መሸኛ»፣ «ትራንስክሪፕት»፣ «የዲሲፕሊን ጉዳይ»፣ ሁሉም ሲጠፋ ደግሞ «የግል»። ከእነዚህ አንዱ ለማንኛውም ሰው ይሆናል። ለእሳቸው አልሆነም።

ጉዳያቸውን ደብቀውኝ አይደለም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው በግልጽ ነግረውኛል። የምጽፍበት ቃል ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ቃል በመጻፍ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው።

ቀጥሎ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ግን አልጠፋኝም። በአገራችን ጉዳይ ይዞ ቢሮ የረገጠ ሁሉ ሰምቶታል። «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

በሁለት በር መካከል

የሠራሁበት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ ስሙ እዚህ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ልተወው። መደቤ በወረቀት ላይ «ኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ» ይባላል። መምህራኑ «ጸሐፊዋ» ይሉኛል፤ ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉኛል፤ ወላጆች እንደ ዕድሜያቸው «ልጄ» ወይም «እኅቴ»፣ ሲቆጡ ደግሞ «አንቺ ልጅ»። ጠረጴዛዬ ከሁለት በር መካከል ነበር። በስተቀኝ ያለው ወደ ኮሪደሩ ያወጣል፤ በስተግራ ያለው ወደ ርዕሰ መምህሩ ያስገባል። የቀኙ ብረት ነው፣ የግራው ቺፑድ። የቺፑዱን ነገር አትርሱብኝ።

ሰው የጸሐፊን ሥራ ታይፕ መምታት ይመስለዋል። ታይፑ ትንሹ ነው። ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ መመዝገብ አለ፤ ኃላፊው ጥጉ ላይ «ታይቶ ይቅረብልኝ» ብለው ሲመሩት ለሚመለከተው ክፍል አስፈርሞ ማስረከብ አለ፤ «እስከ ነገ 4፡00 ሰዓት ድረስ እንድትልኩ በጥብቅ እናሳስባለን» የሚል ደብዳቤ ከነገ ወዲያ ሲደርስ፣ የዘገየው ማን እንደሆነ ላኪውን ሳያስቀይሙ ማስረዳት አለ። ቃለ ጉባኤም አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ዩኒት ሊደሮች ጠረጴዛ እየደበደቡ ተጯጩኸው፣ አንደኛው በሩን በርግዶ ወጥቶ፣ እኔ የጻፍኩት «ቤቱ በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ» የሚል ነው። ሁለቱም በማግስቱ መጥተው ፈረሙበት። የወጣውም ጭምር።

ይህን ሁሉ ጽፈሽ ስትጨርሺ በደብዳቤው ላይ የሚቀረው ያንቺ ነገር ሁለት ፊደል ነው። ከግልባጩ በታች፣ በስተግራ ጥግ፣ ከኃላፊው ስም ምህጻር ቀጥሎ በትንሹ ይቀመጣል። ያንን ጥግ የሚያነብ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

መደቡን የተረከብኩት ጡረታ ከወጡ ወይዘሮ ነው። ኮሜርስ የተማሩ ናቸው፤ ሥራ የጀመሩትም በኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። እኔ ስገባ ያ መኪና ቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። አንድ ክረምት አውርጄ ሞከርኩት። ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን ለእያንዳንዱ የሚሆን ቁልፍ ስለማያገኝ በክፍል በክፍል ነው የሚመታው፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ቅጥያው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ለማመቻቸት ምን ያህል እንደደከሙ ጣቴ ነገረኝ። እኔ የመጣሁት በፓወር ግዕዝ ዘመን ነው፤ የእኛ ጣጣ ሌላ ነበር። በፍላሽ የላክነው ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣና፣ ከዚያ ወገን «ምን ቋንቋ ነው የላካችሁልን?» ተብሎ ይደወላል።

ወይዘሮዋ ሲያስረክቡኝ አንድ ሳምንት አብረውኝ ተቀምጠዋል። የማኅተሙን ሣጥን፣ የቲተሩን ቦታ፣ ማን ሲቆጣ ምን እንደሚያበርደው ሁሉንም አሳዩኝ። በመጨረሻው ቀን ቡና እየጠጣን እንዲህ አሉኝ፦ «የሉም አትበይ፤ ጠዋት ሲገቡ ያያቸው ሰው ይታዘብሻል። አይችሉም አትበይ፤ ያስቀይማል። ስብሰባ ላይ ናቸው በይ። ከስብሰባ ጋር የሚከራከር ሰው የለም።»

እውነታቸውን ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «የምን ስብሰባ?» ብሎ የጠየቀኝ ባለጉዳይ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ጠይቆኛል፤ እሱም ባለጉዳይ አልነበረም። እደርስበታለሁ።

የበጓ ላት

ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ውሸት ናት ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ርዕሰ መምህር በር ላይ የሚመጣውን ሁሉ ቢያስገቡ በቀን አንድ ክፍል እንኳን ዞረው አያዩም። መስከረም ላይ የምዝገባ ሰልፍ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ይደርሳል። ሰኔ ላይ ካርድ የተያዘበት፣ ስሙ የተሳሳተበት፣ ልጁ የወደቀበት ሁሉ አንድ ቀን ላይ ይመጣል። ከሰልፉ ግማሹ መጀመሪያውኑ ወደ ሪከርድ ክፍል መሄድ የነበረበት ነው። አንድ ሰው መሐል ቆሞ ማጥለል አለበት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በዚህ አላፍርም።

የማፍረው ዓረፍተ ነገሯ እየጣመችኝ መምጣቷን ሳስብ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች ይባላል። እኔም በሦስተኛው ዓመት ገደማ ላቴን ከውጭ ማሳደር ጀምሬ ነበር። ቀና ሳልል፣ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሳ፣ ባለጉዳዩ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እላለሁ። ማንን ለመጠበቅ እንደምለው ረስቼው ነበር። አንዳንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ወጥተው «ማን ፈልጎኝ ነበር?» ሲሉ፣ ማን እንደነበረ ከመዝገቡ ማየት ይኖርብኛል። ፊቱን አላየሁትምና።

ጸሐፊ የሚለው ስም በእኛ አገር ትንሽ ስም አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም የሚይዝ፣ ትእዛዛቸውን በቃላት የሚያበጅ ሰው ማለት ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በ1947 ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ኃይሉ የሚመጣው ከብዕሩ ብቻ አይመስለኝም። ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውም አለበት። ደጅ መጥናት የሚባለው ነገራችን ደጅ ላይ የሚቆም ሰው ብቻውን የሚሠራው አይደለም፤ ደጁን የያዘም ይኖራል። እኔ ደጁን ይዤ፣ ደጅ ጠኚው ስለሚያየው ፊት አላስብም ነበር። የሚያየው ግን የእኔን ፊት ነው። ርዕሰ መምህሩን አላገኛቸውማ።

ያ ሳምንት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠው ጥቅምት 2015 ላይ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆቻችን ብርድ ልብስ ተሸክመው አውቶቡስ ሲሳፈሩ የስም ዝርዝራቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ጥር ላይ ውጤቱ መጣ። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ቁጥሩን ሲገልጹ ቢሮው ውስጥ የነበርነው ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፤ 3.3 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ። «ስህተት ሰምተን ይሆናል» ያለች መምህርት ነበረች። አልተሳሳትንም።

የእኛ ትምህርት ቤት ጨርሶ ዜሮ አልሆነም። ያለፉት ግን በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእነዚያ ቀናት የቢሮው ስልክ አላረፈም። ወላጆች ይደውላሉ፤ ከክፍለ ከተማ ይደወላል፤ «በጾታ ተለይቶ እስከ ከሰዓት በኋላ ይላክ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንዲት እናት ደውለው ምንም ሳይናገሩ አልቅሰው ዘጉት። እሱንም መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም፤ ስልክ ስለሆነ።

ርዕሰ መምህሩ የፊዚክስ መምህር የነበሩ ናቸው፤ መምህር ሲጎድል አሁንም ጠመኔ ይዘው ይገባሉ። ደብዳቤ የሚያነቡት በማስመሪያ ነው። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር ያደርጉና ወደ ታች እያወረዱ፣ አንዲት ፊደል ሳያመልጣቸው ይወርዳሉ። ለሃያ ምናምን ዓመት የጠመኔ ብናኝ የጠጣ ደረት አላቸው፤ ደረቅ ሳላቸውን ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ተማሪዎች ከሩቅ ሲሰሙት ወደ ክፍል ይሮጣሉ።

ውጤቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ዛሬ ማንንም አታስገቢ» አሉኝ። ሻይ ይዤ ስገባ የተማሪዎቹን ዝርዝር አሳትመው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። ማስመሪያው አንድ ስም ሥር ቆሟል። ቀና ሳይሉ «ይቺን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ» አሉ። ማስመሪያውን አንድ መስመር አወረዱ። «ይኼንንም።» ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሰውየው የመጡት ከዚያ ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። የሌሊት ጥበቃ እንደሆኑ ሳይነግሩኝ አውቄያለሁ፤ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ከኪሳቸው የባትሪ ጫፍ ወጥቶ ይታይ ነበር። ከተረኝነት በቀጥታ ነው የመጡት። ያን ቀን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀና ብዬ አየኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩና «ጉዳይዎ ምን ነበር አባባ?» አልኩ።

«ልጄ አልነሳ አለችኝ» አሉ። «ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ብነግራት አትሰማኝም። አባት ስለሆንክ ነው የምታደላልኝ ትለኛለች። ትምህርት ቤቱ ቢነግራት ነው። ዳይሬክተሩ አንዲት ወረቀት ቢጽፉልኝ፤ አልሰነፈችም የምትል። ማኅተም ያረፈባት ብትሆን ደግሞ…»

እስክሪብቶዬ «የመጡበት ጉዳይ» የሚለው ዓምድ ላይ ቆሞ ቀረ። «ለየት ነው የሚቀርበው? ለሥራ ነው? ለሌላ ትምህርት ቤት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ለእሷ ነው እንጂ» አሉ፤ ጥያቄዬ ገርሟቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በሩ አንድ እርምጃ ተኩል ቢሆን ነው። አንኳኩቼ «አንድ አባት መጥተዋል» ብል ርዕሰ መምህሩ ምናልባት ያስገቧቸው ነበር። ምናልባት ደግሞ በዚያ ሰዓት የሌላ ሰው ሐዘን የሚሸከም ትከሻ አልነበራቸውም፤ እኔ ፊታቸውን አይቼ ነበር የወጣሁት። ትእዛዙ ግልጽ ነው። ጉዳዩ ቅጽ የለውም። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አመዛዝኜ ነበር ብል መዋሸት ይሆንብኛል። አፌ ነው የቀደመኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠለጠነ አፍ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው አባባ።»

ያኔ ከቺፑዱ ወዲያ ሳሉ መጣ። ያው ደረቁ የጠመኔ ሳል፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ። ቀጥሎ ዝምታ። የስብሰባ ድምፅ የለም፤ የሌላ ሰው ድምፅ የለም። አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲያስል የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው የነበረው።

ሰውየው ወደ በሩ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ መታለላቸውን ያወቁም አይመስሉም፣ ያላወቁም አይመስሉም። ባርኔጣቸውን አንስተው በሁለት እጃቸው አዟዟሩት። «እንግዲህ ስብሰባ ከሆነ አይረበሹም» አሉ። ተነሥተው እጅ ነሡኝ። እኔን! በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው። በብረቱ በር ቀስ ብለው ወጡና፣ እንዳይጮህ በእጃቸው ይዘው ዘጉት።

ስልካቸውን እንኳን አልተቀበልኩም።

ጉዳዩ፦

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። የእኔው ተገላቢጦሽ ነው። እሳቸው ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳሉን በሰማሁ ቁጥር፣ ርዕሰ መምህሩም በየቀኑ ያስላሉና፣ ባርኔጣው ሲሽከረከር ይታየኝ ጀመር። አንዳንዴ ራሴን ለማጽናናት እሞክራለሁ፦ ዝርዝሩ ላይ የእሷም ስም ነበረበት፣ ስለዚህ በአንድ በኩል ስብሰባ ነበር እላለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለቃለ ጉባኤ እጠቀምበታለሁ፤ ለራሴ ግን አይሠራም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በሳምንቱ ልጅቷን ፈለግኳት። የአባቷ ስም የእሷ ሁለተኛ ስም ነውና የ12ኛ ክፍል ሮስተር አውጥቼ ሁለተኛውን ዓምድ ብቻ እያየሁ ወረድኩ። ያ ስም ያላቸው ሦስት ሴቶች አገኘሁ። የአያቷን ስም መጻፌ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ አንዷ ቀረች። ሪከርድ ክፍል ሄጄ ማኅደሯን አስወጣሁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ከ2011 እስከ 2014። ያልተሟላው የ2012 ገጽ ነው፤ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመቅረት መቆጣጠሪያውም እዚያው ላይ ይቆማል። በቀሪው ጊዜ ሁሉ የቀረችው ሦስት ቀን ነው። ቤተ መጻሕፍት ወርጄ የውሰት መዝገቡን ጠየቅኩ። ፊርማዋ በየገጹ አለ፤ መጀመሪያ የልጅ ፊርማ፣ በኋላ እየተቀጣጠለና እየፈጠነ የሄደ።

ከዚያ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። እንደ ልማዴ ቁጥርና ቀን አስቀመጥኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» አልኩ። «ጉዳዩ፦» ብዬ ቆምኩ። «ትብብር ስለመጠየቅ» ጻፍኩና አጠፋሁት። «ምስጋና ስለማቅረብ»፤ አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ «ማስረጃ ስለመስጠት» አልኩ፤ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። ወደ ሐተታው ስገባ ግን የቢሮ አማርኛችን ምን ያህል ድሃ እንደሆነ አየሁት። ለመቅጣት ስንት ቃል አለን! «በተደጋጋሚ ተመክራ ልትታረም ባለመቻሏ»፣ «ከደንብና መመሪያ ውጭ በመንቀሳቀሷ»፣ «ለመጨረሻ ጊዜ እያስጠነቀቅን»። እነዚህን ዓይኔን ጨፍኜ ልመታቸው እችላለሁ። «ይህች ልጅ አልሰነፈችም» ለማለት ግን አንድም የተዘጋጀ ሐረግ የለንም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ሦስት ቀን። የቤተ መጻሕፍቱን ፊርማ። የተዘጋውን መጋቢት። «ትምህርት ቤቱ ተማሪዋ ትጉህ መሆኗን ያረጋግጣል» ብዬ ጨረስኩ። ከሰላምታ ጋር።

ለፊርማ በሚቀርበው አቃፊ ውስጥ፣ በሁለት የንብረት መጠየቂያ ደብዳቤዎች መካከል ከተትኩት። ተስፋዬ ሳያነቡ ይፈርሙታል የሚል እንዳልነበረ ማስመሪያውን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ሞከርኩ።

ጠሩኝ። ማስመሪያው ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። «ይኼን ማን ጠየቀ?»

«አባቷ። ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር። ስብሰባ ላይ ናቸው ብያቸው ተመለሱ።»

«የምን ስብሰባ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልደገሙትም። ቀኑን ያሰሉት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትንሽ ቆይተው ጣታቸውን በጉሮሯቸው ላይ አሳለፉ። ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር፤ ሊያጽናኑኝም ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ሰማያዊ እስክሪብቷቸውን አንስተው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙትና ከላዩ የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጻፉበት። «ሌላ ማን ይመለከተዋል?» አሉ። አስተካክዬ አተምኩት። ፈረሙ።

ስልክ ቁጥሩ ማኅደሩ ውስጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ አነሳችው። «ከትምህርት ቤት ነው የምደውለው» ስል ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ደብዳቤ እንዳላት፣ መጥታ እንድትወስድ ነገርኳት። «የምን ደብዳቤ?» አለች፤ በሚፈራ ድምፅ። ሦስት ዓመት ሙሉ የላክናቸው ደብዳቤዎች ምን ዓይነት እንደነበሩ ከዚያ ድምፅ ይገባችኋል። ሦስት አልኩ? አራት ነው።

ማኅተሙ

በሁለተኛው ቀን መጣች። ቀጭን ናት፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ድረስ ተከናንባለች። ሰዎች ሳያዩኝ ልውጣ የሚል አካሄድ ነበራት። አባቷ የተቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ይቅርታ ልጠይቅ ተዘጋጀሁ። አዎ፣ ከማለዳው ጀምሬ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አባትሽን ያለ አግባብ መለስኳቸው፣ ስብሰባ አልነበረም የሚል።

«አባቴ ነግሮኛል» ብላ ቀደመችኝ። «መጥቶ እንደነበር። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ።»

«አዎ፣ እሱን ነው…»

«ስለ እኛ ነው የተሰበሰቡት አለኝ። ዝም አላሏችሁም፣ በር ዘግተው ስለ እናንተ እየመከሩ ነው፣ እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ አለኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ያን ቀን ነው የተነሣሁት።»

የተዘጋጀው ንግግር አፌ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ሳሉን ሰምተዋል። ምን እንደሰሙ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሸቴን ገብቷቸው፣ ወደ ቤት የሚወስዱት ሌላ ነገር ስለሌላቸው እሱኑ አሳምረው፣ ልጃቸው እንድትነሣበት አድርገው ይዘውላት ሄዱ? ወይስ የእውነት አምነውኝ፣ የአንድን ሰው ሳል ጉባኤ መስሏቸው፣ መንግሥት ስለ ልጃቸው ተቀምጦ እየመከረ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ? የመጀመሪያው ከሆነ ስጦታ ሰጥተውኛል፤ ሁለተኛው ከሆነ አታልያቸዋለሁ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ ሌሊቶች አልፈውኛል። ልጅቷን መጠየቅ እችል ነበር። ብጠይቃት ግን የተነሣችበትን ነገር ከሥሯ መሳብ ሊሆን ነው። አልጠየቅኳትም። እውነቱን ከመናገር ዝም ማለት የተሻለ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው፤ ልክ ይሁን አይሁን አልወሰንኩም።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ስሟ ላይ ቆየች። ሦስት ቀን የሚለው ጋ ስትደርስ «አንዱን ቀን ታምሜ ነው» አለች፤ እንደሚከሰስ ሰው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ግርጌውን ትመረምር ጀመር።

«ቲቸር» አለች እየፈራች፣ «ማኅተሙ ግማሹ አልወጣም። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

አየሁት። ፓዱ ደርቆ ኖሯል፤ ክቡ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ቀርቷል። እንደ ደንቡ ከሆነ አዲስ ማተምና እንደገና ማስፈረም ነበረብኝ፤ ሁለት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስጠረጥራል። ርዕሰ መምህሩ ግን በዚያ ሰዓት ክፍለ ከተማ ነበሩ። ስብሰባ ላይ። የእውነት ስብሰባ።

ከመሳቢያው የቀለም ጠርሙሱን አውጥቼ ፓዱ ላይ ጠብ አደረግኩ፣ እስኪጠጣ ጠበቅኩና፣ ከመጀመሪያው ጎን ድጋሚ መታሁላት። በሁለት እጄ፣ ክብደቴን ጥዬበት።